ሕመም የማይሰማው እግር

የሥጋ ደዌ በቆዳ ላይ በሚያወጣው ምልክት ይታወቃል እንጂ ሰውን አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው ነርቭን በመጉዳት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ የተባለ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይስማማዋል፤ ስለዚህም ለቆዳ ቀርበው ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ ፊት በሚዘልቁ ነርቮች ውስጥ ይሰፍራል። እጅግ ዘገምተኛ ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። በዚህም የተነሣ አንድ ሰው በባክቴሪያው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪታይበት በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ ሃያ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ኖርዌጂያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘው ወዲህ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሊያራባው የቻለ የለም። አብዛኛው ሰው የተፈጥሮ መከላከያ ስላለው ባክቴሪያው ቢገባበትም አይታመምም። በሽታው የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሕመምተኛ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር፣ በትንፋሽ ነው፤ እጅ በመጨባበጥ ወይም በአንድ ገበታ በመብላት አይተላለፍም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል።

ጣት የሚያጥረው ባክቴሪያው ራሱ እየበላው አይደለም። ነርቩ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠፋው ስሜት ነው። የደነዘዘ እጅ የጋለ ጀበና ሲይዝ አይሸሽም፣ የከሰል ምድጃ ሲነካ አይሰበሰብም። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ሲደክሙ ትንሿና የቀለበት ጣት ይታጠፋሉ፣ የእግር መዳፍ አልነሣ ይላል፣ የዓይን ሽፋን አልከደን ይልና ዓይን ይደርቃል። ላብ የሚያወጡት ነርቮች ሲሞቱ ቆዳ ይደርቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ቆሻሻ ይገባል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሕመሙ የማይሰማው ሰው ግን ይረግጥበታል። ከዚያ አጥንት ይያዛል። አጥንቱ እየተሸረፈ ሲያልቅ ጣት ያጥራል። ይህ ሁሉ ባክቴሪያው በመድኃኒት ከሞተ ከዓመታት በኋላም ሊቀጥል ይችላል፤ ሰዎች «መድኃኒቱን ጨርሶ እንኳ አልዳነም» የሚሉት ይህን አይተው ነው። ድኗል፤ ያልተመለሰው ነርቩ ነው።

ሐረር ውስጥ ይህ ጉዳይ ከመንገድ ይጀምራል። ፈረስ መጋላ በግንብ የታጠረው የጀጎል ከተማ ዋና አደባባይ ነው፤ ከሐረር በር የሚገባው መኪናና ባጃጅ እዚያ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ከተማው የእግረኛ ነው። የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ግርግር ወደ ጊዲር መጋላ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጠባብ መተላለፊያዎች ይዘረጋሉ። በግንቡ ውስጥ እንዲህ ያሉ ከሦስት መቶ በላይ መንገዶች አሉ፤ አብዛኞቹ ድንጋይ የተነጠፈባቸው፣ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉ ናቸው። ጤነኛ እግር በድንጋይ ላይ ሲሄድ ክብደቱን ሳያስበው ከተረከዝ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ጣት ያዛውራል፤ አንዱ ቦታ ሲጎረብጠው ያነክሳል። የደነዘዘ እግር አያነክስም። እዚያው ቦታ ላይ ሺህ ጊዜ ይረግጣል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ይደቅቃል፣ ቁስሉም ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈነዳል። እንግዲህ ለሐረር ሰው የአካል ጉዳት ጥናት ማለት ስለ ነርቭ ብቻ ሳይሆን ስለ ጫማ፣ ስለ ደረጃና ስለ ውኃ ቀጂነትም መጠየቅ ነው።

ከተማዋ ከዚህ በሽታ ጋር ያላት ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን ከግንቡ ውጪ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መጠለያ አቋቋሙ። በኢትዮጵያ በዘመናዊ መልክ ከተቋቋሙት የመጀመሪያው ይህ ነው። የሐረርጌ ገዥ በዚያን ጊዜ ራስ መኮንን ነበሩ፤ የሚሲዮኑ አለቃ ደግሞ በኋላ አባ እንድርያስ እየተባሉ የሚታወቁት ሞንሴኞር አንድሬ ዣሮሶ። በዚያ ዘመን መድኃኒት አልነበረም። በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የሚሰጡት ከእስያ የሚመጣ የቻውልሙግራ ዛፍ ፍሬ ዘይት ሲሆን በመርፌ ሲሰጥ ያማል፣ ፈውሱ ግን አጠራጣሪ ነበር። ስለዚህ የመጠለያው ዋና አገልግሎት ምግብ፣ አልጋ፣ ቁስል ማጠብና ከሌላው ሰው መለየት ነበር። ከግንቡ ውጪ መሆኑ በአጋጣሚ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ሥራውን የያዘው ፈረንሳዊው ሐኪም ዶክተር ዣን ፌሮን ነው። ስሙ ዛሬም ገንደ ፌሮን በሚባለው ሰፈር ይጠራል። ለአንድ ሐኪም ትልቅ መታሰቢያ ነው፤ ነገር ግን ሌላም ነገር ያሳያል። ሕመምተኞች ድነውም ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። መጠለያው ወደ መንደርነት ተለወጠ፤ ልጆች ተወለዱበት፣ የልጅ ልጆችም። የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በነበረባቸው በዘነበወርቅ፣ በሻሸመኔ፣ በቦሩ ሜዳም የሆነው ይኸው ነው፤ ሕክምና ፍለጋ የመጣ ሰው ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሶ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በቢሲድሞ ወንዝ አጠገብ ሌላ መንደር ተመሠረተ። ገንዘቡ የመጣው ከጀርመን ነው፤ በቩርትስቡርግ እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው የጀርመን የሥጋ ደዌ ዕርዳታ ድርጅት ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ቢሲድሞ ነበር። እዚህ ከሐረሩ መጠለያ የተለየ ሐሳብ ነበር፦ ሕመምተኛው እርሻ ይኑረው፣ ሙያ ይማር፣ ቤት ይሥራ። ይህ በጊዜው ትልቅ እርምጃ ነበር። ያም ሆኖ መንደሩ የሥጋ ደዌ መንደር ሆኖ ቀረ፤ ሰውን ከልመና ያወጣ ሥራ ከመገለል አላወጣውም። ቢሲድሞ ዛሬ ለአካባቢው ሕዝብ ሁሉ የሚያገለግል ሆስፒታል ነው። ለወሊድ የሚመጣና ለወባ የሚመጣ ከሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጋር በአንድ ወረፋ መቀመጡ ብዙ ዓመት ከተሰበከው ስብከት የበለጠ ሥራ ሳይሠራ አልቀረም።

መድኃኒቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ነው፤ ዳፕሶን የሚባል ርካሽ ክኒን። ሕመምተኞች ዓመታት፣ አንዳንዶቹም ዕድሜ ልካቸውን ይውጡት ነበር። አንድ መድኃኒት ብቻ መስጠት ያመጣውን ችግር ካሳዩት ጥናቶች አንዳንዶቹ የተሠሩት አዲስ አበባ ነው። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚያ የሠሩ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ዳፕሶን ሲወስዱ የኖሩ ሕመምተኞች በሽታቸው እንደገና ሲነሣ አዩ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶታል። የባሰው ደግሞ ከዚያ በፊት ዳፕሶን ቀምሰው በማያውቁ አዳዲስ ሕመምተኞች ላይ ተመሳሳይ ነገር መገኘቱ ነው፤ የተላመደው ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ ጀምሯል ማለት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ መድኃኒት ብቻ መስጠት ይቅር ብሎ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶንን አጣምሮ መስጠትን ሲያዝዝ እንዲህ ያለው ማስረጃ ከጀርባው ነበር። ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይፈጃል፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመላው ዓለም በነጻ ይታደላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 በአገር አቀፍ ደረጃ ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ ሕመምተኛ በታች የሚለውን መለኪያ አሟላች።

መለኪያው ግን የሚቆጥረው በሕክምና ላይ ያሉትን ብቻ ነው። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የታጠፈ ጣቱና የደነዘዘ እግሩ ግን አብረውት ይሄዳሉ። ሕክምናው ከዓመታት ወደ ወራት ባጠረ ቁጥር መዝገቡ ባዶ ይሆናል፣ መንገዱ ግን አይሆንም። ይህን ልዩነት በቅጡ ያጠናው የአለርት የመስክ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመሐል ኢትዮጵያ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዲስ ሕመምተኞችን መዝግቦ እስከ አሥር ዓመት ተከታተለ። እጃቸውንና እግራቸውን በየጊዜው ይነካል፣ ጡንቻቸውን ይፈትናል፣ ዓይናቸውን ያያል። ውጤቱ የሚከነክን ነበር፦ ከሕመምተኞቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሕክምና ሲመጡ ነርቫቸው በተወሰነ ደረጃ ተጎድቶ ነበር። መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ አዲስ ጉዳት የደረሰባቸው ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። ጉዳቱ አዲስ ሆኖ የተገኘላቸውና ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ የጀመሩት አብዛኞቹ ነርቫቸው ሲመለስ፣ ጉዳቱ የቆየባቸውና የተመላለሰባቸው የመመለስ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ።

ጉዳቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ባክቴሪያው ሳይሆን ሰውነት በባክቴሪያው ላይ የሚነሣው ቁጣ ነው። ነርቩ ያብጣል፣ በጠባብ ሽፋኑ ውስጥ ይታነቃል። ይህ ከሕክምና በፊት፣ በሕክምና መካከል ወይም ከሕክምና በኋላ ሊከሰት ይችላል። ሕመምተኛው «መድኃኒቱ አሳበጠኝ» ብሎ ሊያቆመው የሚችለውም በዚህ ጊዜ ነው። ፕሬድኒሶሎን ቁጣውን ያበርዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን የራሱ መዘዝ አለው፤ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን ይቀሰቅሳል። በአለርት በተደረገ የኋላ መዛግብት ጥናት፣ የሚመላለስ ከባድ ቁጣ የነበረባቸው ሕመምተኞች ከሌሎቹ በበለጠ ሲሞቱ ታይቷል፤ የረጅም ጊዜ ስቴሮይድም ተጠርጥሯል። በዚያው ሆስፒታል ሳይክሎስፖሪን የተባለ ሌላ መድኃኒት ተሞክሮ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። የተሻለ መድኃኒት ፍለጋው አላለቀም።

በዚህ ሁሉ መካከል ገንዘብ ያልፈጀው፣ ምናልባትም ለዕለት ኑሮ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመው ግኝት የተገኘው ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከውኃ ሳፋ ነው። አለርት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የድሮ ሕመምተኞች በየመንደራቸው ተሰባስበው ራሳቸውን የሚንከባከቡባቸውን ቡድኖች ማደራጀት ጀመረ። ሥራው ቀላል ነው። እግርን ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ፣ የጠነከረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ መፋቅ፣ ገና እርጥብ ሳለ ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባት፣ ውስጥ እግርን በመስታወት ወይም በሌላ ሰው ዓይን ማየት፣ ቁስል ካለ ማሳረፍ። ከዚያ በፊት ይህን የሚያደርገው ነርስ ነበር፤ ሕመምተኛው ፋሻ ለመቀበል ብዙ መንገድ ይጓዛል፣ ጉዞው ራሱ ቁስሉን ያሰፋዋል። ፋሻ ከሆስፒታል መጠበቅ ሲቀርና ቡድኑ ራሱ መግዛት ሲጀምር ቁስል ቀነሰ። ያልተጠበቀው ሌላው ውጤት ነበር፦ አባላቱ ልብሳቸውን አጥበው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለቅሶና ሠርግ መሄድ ጀመሩ። ሁሉም ቡድን አልዘለቀም፤ የተበተኑም አሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአማራ ክልል በአዊ ዞን የተደረገ ጥናት የሥጋ ደዌን ከዝኆኔ ጋር አጣምሮ ቤተሰቡን በሙሉ የእንክብካቤው ተካፋይ አድርጓል። እናቷን ስታጥብ የቆየች ልጅ የእናቷን እግር አትጸየፍም፤ የጥናቱ መሠረት ይህ ነው።

ሐረር ላይ ይህ እንክብካቤ የሚገጥምበት ልማድ ሞልቷል። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ያህል እግሩን ያጥባል፤ ከእያንዳንዱ ጣት መካከል ውኃ ያሳልፋል። እጥበቱን በእግር ፍተሻና በዘይት መፈጸም ተጨማሪ ሥራ አይደለም። ሌላው ልማድ ግን ጥንቃቄ ይሻል። መስጊድም ሆነ ፈረስ መጋላ ላይ ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። የሐረሪ ቤትም እንዲሁ፤ ጌይ ጋር በሚባለው በዚህ ቤት ከበሩ እንደተገባ ጫማ ይቀራል፣ ከፊት ለፊት ከፍና ዝቅ ብለው በደረጃ የተሠሩት መደቦች ይጠብቃሉ፣ እንደ ክብርና እንደ ዕድሜ የሚቀመጡባቸው። ቀትር ላይ የጋለ የድንጋይ ደጃፍ ለደነዘዘ እግር አደገኛ ነው፤ ለስላሳ ካልሲ ለብሶ መግባት፣ ከጫማ ውስጥ ጠጠር አራግፎ ማጥለቅ ዓመታት የሚያድን ነገር ነው። መደቡ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ ለደከመ አሮጊትም ሆነ እግሩን ላጣ ሰው መውጣቱ ቀላል አይደለም። እንግዳ ተቀባዩ ቤት ይህን ሰው ታች በር አጠገብ ሲያስቀምጠው ምንም ክፋት የለበትም፤ ግን በዚያ ቤት ሥርዓት ቦታ ማለት ክብር ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ጥያቄ፦ ሕመምተኞች ጉዳት ሳይደርስባቸው እንዴት ይገኛሉ? ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ አሁን በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዲስ ሕመምተኞች ይገኛሉ፤ ከአሥሩ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ሲገኙ የሚታይ ጉዳት አለባቸው። የሐረር አካባቢ ከአገሪቱ በሽታው ከበረከተባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ሐረር ከተማ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት ባልደረቦች ጋር ከሐረር በስተ ደቡብ ባለው ፈዲስ ወረዳ ቤት ለቤት ፍለጋ አድርገዋል። ያገኙት ማንም ያልመዘገባቸው ሕመምተኞች ነበሩ፤ በመካከላቸው ልጆች አሉ። ልጅ የሥጋ ደዌ ያዘው ማለት በቅርቡ፣ ምናልባትም በዚያው ቤት፣ ሕክምና ያልጀመረ ሰው አለ ማለት ነው። የተመዘገበ ሕመምተኛ ያለበትን ቤተሰብ ሲመረምሩ ደግሞ ሌላ ሕመምተኛ ማግኘታቸው ጎልቶ ታየ። ጤና ጣቢያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እነዚህን ሰዎች አያገኛቸውም። ምክንያቱም የማያሳክክ፣ የማያምም፣ ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ይዞ ከእርሻው ተነሥቶ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ገበሬ ብርቅ ነው።

ይህን መነሻ አድርጎ በኢትዮጵያ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ለኢትዮጵያው ክፍል የመረጠው ምሥራቅ ሐረርጌን ነው። ሁለት መንገዶችን አወዳድሯል። አንደኛው በአንድ ሕመምተኛ አካባቢ የቆዳ ምርመራ ዘመቻ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ሁሉ መጥራት ነው፤ ለእከክ፣ ለጭርት፣ ለማንኛውም የቆዳ ችግር ሕክምና ይሰጣል፣ የሥጋ ደዌ ምልክትም ይፈለጋል፣ ጤነኛ ለሆኑት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን ይታደላል። ሁለተኛው የቤተሰቡን አባላት ወደ ጤና ጣቢያ መጥራት ነው። ያ አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ቀደም ሲል ባንግላዴሽ ላይ ተፈትኖ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አዲስ ሕመምን ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ተቀብሎታል። የዘመቻው ብልሃት ግን ከመድኃኒቱ አይተናነስም። ጎረቤቱ የሚመጣው ለእከኩ ነው፤ ስለዚህ የማን ቤት በሽተኛ እንዳለበት ማንም ሳያውቅ ሁሉም ይመረመራል። ተመራማሪዎቹ ሕመምተኞችን ምልክቱ ከታያቸው ጀምሮ እስኪታወቅላቸው ስንት ጊዜ እንደፈጀም ጠይቀው ነበር፤ በሦስቱም አገሮች አማካዩ ከአንድ ዓመት በእጅጉ የበለጠ ነው።

ለምን ይዘገያሉ? ብዙው መልስ ፍርሃት ነው። በሕዝብ ዘንድ በሽታው የእርግማን ወይም የዘር ነው የሚለው እምነት ዛሬም አልጠፋም። ሕግም ራሱ ከዚህ ነጻ አልነበረም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳር ጓደኛው የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ መሆኑን ሳያውቅ ያገባ ሰው ጋብቻው በስሕተት ተፈጽሟል ብሎ እንዲያፈርስ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሽታውን በስም አይጠራም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የተደረገ ጥናት ደግሞ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ከሚከታተሉት የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል፤ በዚያው ቦታ በሌላ የቆዳ በሽታ ከሚታከሙት ግን ይህ የታየው ከአሥሩ አንድ በማይሞሉት ላይ ነበር። ቆዳ መታመሙ ሳይሆን የትኛው በሽታ መሆኑ ነው ልዩነቱ። የሚገርመው ይህን የሚያክል ልዩነት ታይቶ የነርቭ ምርመራ በየካርዱ ላይ ሲጻፍ የሐዘንና የጭንቀት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይጠየቅም።

ማኅበራዊ ተሳትፎን ለመለካት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት መጠይቅ አለ። ሕመምተኛውን «ምን ያህል ታመሃል» አይለውም፤ ከእኩዮችህ እኩል ሥራ ታገኛለህ ወይ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ እንደ እኩዮችህ ትገኛለህ ወይ፣ ምክርህ ይደመጣል ወይ ይላል። ለሐረሪ ሰው ይህ ጥያቄ በአብዛኛው አፎቻ ማለት ነው፤ ሠርግንም ሆነ ለቅሶን የሚሸከመው ማኅበር። ለሌላው የከተማው ነዋሪ እድርና ሰንበቴ ነው። መዋጮ የሚከፍል፣ ግን ሳህን ተለይቶ የሚቀርብለት አባል በመዝገብ ላይ ሙሉ አባል ነው፤ መጠይቁ የተሠራው ይህን ለመያዝ ነው። ከሥጋ ደዌ የዳኑ ሰዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋሙት ብሔራዊ ማኅበር በየክልሉ ቅርንጫፍ ይዞ የሚሟገተውም በዋናነት ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ መሬት፣ ስለ ብድርና ስለ ልጆች ትምህርት ነው።

የቁጥር ጉዳይ በራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከኢትዮጵያውያን አካል ጉዳተኛ የሆኑት አንድ በመቶ ገደማ ናቸው አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ባወጡት ሪፖርት ለኢትዮጵያ የሰፈረው ግምት 17.6 በመቶ ነው። ሁለቱም ስለ አንድ ሕዝብ ነው የሚናገሩት። ልዩነቱን የፈጠረው የጥያቄው አቀራረብ ነው፤ «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ» ተብሎ ሲጠየቅ የቤቱ አባወራ ዓይነ ስውሩን ይጠቅሳል፣ ደረጃ መውጣት ያቃታቸውን አያቱን ግን «አርጅተው ነው» ብሎ ይተዋቸዋል፣ የሚያፍርበትን ልጅ ደግሞ ይደብቃል። ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ስድስት ጥያቄዎች አዘጋጅቷል፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን ማጠብና መልበስ፣ ሐሳብን መግለጽ ያስቸግርሃል ወይ። አካል ጉዳት የሚለው ቃል አይነሣም። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ኑሮ ጥናቶች ላይ ገብተዋል፤ መረጃውን የተነተኑ ባለሙያዎችም ችግር ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ድኻ፣ ያልተማሩና ሥራ የሌላቸው ሆነው አግኝተዋቸዋል።

ስድስቱ ጥያቄዎች ግን ለሥጋ ደዌ አይበቁም። የእግሩ ስሜት የጠፋበት ሰው ያያል፣ ይሰማል፣ ይራመዳል፤ ለሁሉም «አያስቸግረኝም» ብሎ ይመልሳል፣ እውነቱንም ነው። በሥጋ ደዌ ሕክምና ውስጥ ይህ ሰው አንደኛ ደረጃ አካል ጉዳት አለበት ተብሎ ይመዘገባል፤ የሚታይ ጉዳት ሲመጣ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል። በአገር አቀፍ ሪፖርት ላይ ጎልቶ የሚወጣው ሁለተኛው ደረጃ ነው። ጫማና ምክር ሊያድነው የሚችለው ግን አንደኛው ነው፤ እርሱን የሚያየው መሥፈርት በቤተሰብ ጥናቱም ሆነ በአገር አቀፉ ሪፖርት በኩል ደካማ ነው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ቸር ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር ላይ የሚደረግ አድልዎን ይከለክላል፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ መንገዱን አፍርሶ ማስተካከል አይቻልም፣ አይገባምም። የሚቻለው ብዙ ነው፤ ፈረስ መጋላ ላይ ያሉት ባንኮች፣ መድኃኒት ቤቶችና ሱቆች ደጃፍ ቅርስ አይደለም፤ የተነቀለ ድንጋይን በወቅቱ መመለስ ቅርሱንም እግሩንም ይጠብቃል።

የሥጋ ደዌ አገልግሎት ለብቻው ከቆመ ፕሮግራም ወጥቶ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር በአጠቃላይ ጤና አገልግሎት ውስጥ ገብቷል። መገለልን ለመቀነስ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ዋጋው ግን አንድ ነርስ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሕመምተኛ ብቻ ማየቷ፣ ያላየችውንም መርሳቷ ነው። ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ነጠብጣቡ ላይ በጥጥ ነክቶ «ይሰማሃል?» ማለት፣ ከክርን በስተ ጀርባ ያለውን ነርቭ በጣት ዳብሶ መወፈሩን ማየት፣ ሕመምተኛውን ዓይኑን አስጨፍኖ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በእስክሪብቶ ጫፍ በቀስታ መንካትና የተነካበትን እንዲያሳይ መጠየቅ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ የቆዳ ምርመራ ዘመቻዎች ከፍለጋው ጎን ለጎን የጤና ባለሙያዎችም ሥልጠና ወስደዋል፤ እከክና ጭርት ለመታከም የመጣው ሕዝብ ብዛት እጃቸው እንዳይረሳ ምክንያት ሆኗቸዋል።